ቀለም በሚቀይረው መስታወት ውስጥ ጄሉ አረፋ ሲያወጣ

በኤሌክትሪክ ቀለም የሚቀይር መስታወት ስሠራ የገጠመኝ የአረፋ ችግር ሁለት ሳምንት ስለበላብኝ፣ ሌላው እንዳይለፋ ብዬ ነው የምጽፈው። መስታወቱ በአንድ በኩል ተንግስተን ኦክሳይድ፣ በሌላው ኒኬል ኦክሳይድ ተቀብቷል። መሃል ያለው ጄል ፒኤምኤምኤ (ጄሉን የሚያወፍር ፕላስቲክ)፣ ፕሮፒሊን ካርቦኔት (ፈሳሽ ማሟሟቻ) እና ሊቲየም ፐርክሎሬት (ጨው) ነው።

1.5 ቮልት ስሰጠው መጀመሪያ ደህና ሰማያዊ ይሆናል። ከሃያ ዙር (ቀለም መያዝና መልቀቅ) በኋላ ግን የጎመን ዘር የሚያክሉ አረፋዎች ይወጣሉ። አረፋው ባለበት ቦታ ቀለም የማይዝ ክብ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ቀለሙን የሚያመጣው ሊቲየም በዚያ አያልፍማ።

ስቀላቅል የገባ አየር መሰለኝ። ጄሉን ቫኪዩም ውስጥ አስገብቼ አየሩን አስወጣሁ። ለውጥ የለም። ፒኤምኤምኤ ጨመርኩ፤ ጄሉ ጠጠረ፣ ቀለሙም ዘገየ። ቮልቴጁን መጨመርማ ጭራሽ አባሰው።

ፍንጩን የሰጠኝ ኤሌክትሪክ ሳላገናኝ ያስቀመጥኩት መስታወት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት አረፋ አልወጣችበትም። ስለዚህ ነገሩ አየር ሳይሆን ውሃ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። ሊቲየም ፐርክሎሬት ደግሞ ከአየር እርጥበት በጣም ይስባል።

ጨውን ለብቻው በቫኪዩም ምድጃ በ120 ዲግሪ አሳደርኩት። ፕሮፒሊን ካርቦኔቱን በሙቀት በደረቀ 3 አንግስትሮም ሞለኪውላር ሲቭ (ውሃ የሚመጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ያላቸው እንክብሎች) ላይ ሁለት ቀን አቆየሁት። ፒኤምኤምኤውንም በ80 ዲግሪ አደረቅሁ። ከዚያ አርጎን በሞላው ግላቭ ቦክስ (አየር የማያስገባ፣ በጓንት የሚሠራበት ሳጥን) ውስጥ መጀመሪያ ጨውን አሟሟሁ፣ ቀጥሎ ፒኤምኤምኤውን በ70 ዲግሪ ቀስ እያልኩ ነሰነስኩበት። ጠርዙንም እዚያው በኢፖክሲ ዘጋሁት።

እባካችሁ፣ ፐርክሎሬት ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር (ሌላውን ነገር የሚያቀጣጥል) ነውና ከተቀላቀለ በኋላ ሙቀቱን አትጨምሩበት።

አሁን 500 ዙር አልፏል። አረፋ የለም።