የጎንደር ቀበሌና ክፍለ ከተማ ሕንፃዎች፦ የ20 ዓመት ዕቅድ ከነሐሴ ይጀምራል

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጥገና ጨረታው ሲጓተት ተቋራጩ ክዳን የሚያነሳው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ገንዘቡ ወደ ካዝና እንዳይመለስ ሲባል እየዘነበ ይሠራል፤ ኮርኒሱ፣ የባለጉዳይ ፋይሉና የመብራት መስመሩ አብረው ይርሳሉ። በማግሥቱ ዓመት ያው ጣሪያ እንደገና በጀት ይጠየቅለታል። የ20 ዓመቱ የሕንፃ ዕቅድ ከምንም በፊት ይህን አዙሪት መስበር አለበት።

መጀመሪያ መዝገብ ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ገጽ በቂ ነው፦ ቀበሌው፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር፣ የተሠራበት ዘመን፣ ግድግዳው (ጭቃ፣ ብሎኬት ወይም ድንጋይ)፣ ቆርቆሮው የተቀየረበት ዓመት፣ የውሃና የመብራት ቆጣሪ ቁጥር፣ የሠራተኛና የባለጉዳይ ብዛት፣ እንዲሁም የይዞታ ካርታ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ካርታው ነው። ካርታ የሌለው ግቢ አጥሩ በየጊዜው እየጠበበ ይሄዳል፤ ማስፋፊያ ሲታሰብም የግንባታ ፈቃድ ላይ ይቆማል።

ምርመራው በነሐሴ ይሁን፤ በበጋ የታየ ጣሪያ ሁሉ ደህና ይመስላል። ዝናብ እየጣለ ባትሪ ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ይመልከቱ፣ የሚያንጠባጥበውን ቦታ በጠመኔ ያክብቡ። አብዛኛው ፍሳሽ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ጎማው ካረጀ የቆርቆሮ ሚስማር፣ ቆርቆሮና ግድግዳ ከሚገናኙበት፣ እና በቅጠል ከታፈነ አሸንዳ። አሸንዳ ግንቦት መጨረሻ ላይና በክረምቱ መካከል መጠረግ አለበት። ይህ ሥራ መሰላልና አንድ ቀን ብቻ ይጠይቃል፤ ሲታለፍ ግን ውሃው በግድግዳው ወርዶ ልስኑን ያነሳል፣ መሠረቱ ሥር ይተኛል። አዲስ ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር አይርሱ፤ ለመንግሥት ሕንፃ ከ32 ጌጅ ይልቅ 28 መግዛት ያዋጣል።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያው እንዲህ ይሄዳል። በጥቅምት ጉድለቶቹ በአጣዳፊነት ይደረደራሉ፤ እስከ ታኅሣሥ የሥራ ዝርዝሩና ግምቱ ይዘጋጃል፤ በበጀት ዝግጅት ጊዜ ለከተማው ይቀርባል። የጨረታ ሰነዱ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት አልቆ ይጠብቅ። ሐምሌ ላይ ጨረታው ይውጣ፣ መስከረም ላይ ውል ይፈረም፣ ጣሪያ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይነሳ። ለድንገተኛ ጥገና የሚሆን መጠባበቂያ ለብቻው ይያዝ፣ አለበለዚያ በአንድ የፈነዳ ቱቦ ምክንያት ሙሉው ዕቅድ ይናጋል።

ስንጥቅ ያለበትን ግድግዳ ለመለሰን አይቸኩሉ። ስንጥቁን አቋርጦ ጀሶ ይለጥፉ፣ ቀን ይጻፉበት፣ በጋ ሲያልቅና ክረምት ሲያልቅ ይዩት። ጀሶው ከተሰነጠቀ መሬቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ወደ አዘዞ በኩል ባለው ጥቁር አፈር ይህ የተለመደ ነው፤ አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እዚያ ለአዲስ ሕንፃ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ ዲዛይን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ለነባሩ ሕንፃ የጣሪያውን ውሃ በቱቦ ከግድግዳው ማራቅ፣ ዙሪያውን ቢያንስ 1 ሜትር ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ማልበስ፣ ባሕር ዛፍንም ማራቅ ብዙ ያግዛል።

ፒያሳ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችና የድንጋይ ግንቦች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በኖራ የተያያዘ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ የድንጋዩ ፊት ይላጣል። ቀደም ሲል በፋሲል ግቢ ሲሚንቶ የገባባቸው ጥገናዎችም ኋላ በኖራ እንዲተኩ ተደርጓል። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በአካባቢው ወለል ለመጨመር ከታሰበ የቅርስ ባለሙያዎች የሚጠየቁት ከዲዛይን በፊት ነው። በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ የሚደረግ ጥገናም ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋል።

የቦታ ፍላጎትን በወንበር ብዛት ብቻ አያስሉ። ለአንድ ሠራተኛ 8 ካሬ ሜትር ቢያዝ፣ 120 ሠራተኛ 960 ይፈልጋል፤ ለመተላለፊያ፣ ለደረጃና ለመጸዳጃ 35 በመቶ ሲጨመር ወደ 1,300 ይደርሳል። የባለጉዳይ መጠበቂያና የመሬት ፋይል ክፍል ለብቻ ይታከላሉ። ፋይል ከባድ ስለሆነ በምድር ወለል ይቀመጥ፣ ከወለሉ ግን በመደርደሪያ ከፍ ይበል። ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የሆነ መግቢያና መጸዳጃ በሕንፃ አዋጅ የተደነገገ ግዴታ ነው።

ወደፊት ወለል ይጨመራል ተብሎ ከታሰበ መሠረቱና ዓምዶቹ ከመጀመሪያው ለመጨረሻው ክብደት ይሰሉ። ጣሪያ ላይ ፌሮ ተንጠልጥሎ ለዓመታት ሲቀር ይዝጋል፤ ስለዚህ በስስ ኮንክሪት ይሸፈን።

ለጥገና በየዓመቱ ሕንፃውን አዲስ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ዋጋ ከ2 እስከ 4 በመቶ ይያዝ። ሕንፃው 40 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ከሆነ ከ800,000 እስከ 1.6 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ይህ ብዙ የሚመስለው ሰው ጥገና ሳይደረግ ያለፉትን ዓመታት ወጪ አንድ ላይ ሲደምር ሐሳቡን ይለውጣል። ገንዘቡ ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ጣሪያና አሸንዳ፣ የመብራት መስመር፣ ፍሳሽና መጸዳጃ፣ መጨረሻ ቀለም ይሁን። በተግባር ግን ቀለም የሚታይ ስለሆነ ሁሌ ከፊት ይሰለፋል።

ርክክብ ሲደረግ ተቋራጩ ሕንፃው በተሠራው ልክ የተነሳውን የዲዛይን ሥዕል በወረቀትና በፍላሽ ያስረክብ፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በፊት አይለቀቅ። አንዱ ቅጂ በንብረት ክፍል፣ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ምህንድስና ይቀመጥ፤ ሰው ሲዘዋወር ቁልፉና ሥዕሉ በፊርማ ይተላለፍ።