የፍሎሮዩራሲል ቅባት ሲታዘዝልዎ ሕክምናውን እንዴት እንደሚወጡት

ለብዙ ዓመታት ፀሐይ በመታው ፊት፣ ጆሮ፣ ራሰ በራ አናት ወይም የእጅ ጀርባ ላይ፣ ለዓይን ጎልቶ ከመታየቱ በፊት በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቦታ ይወጣል። ሐኪሞች አክቲኒክ ኬራቶሲስ ይሉታል። ካንሰር አይደለም፤ ሆኖም ሳይታከም ከቆየ ከመካከሉ አንዳንዱ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በአገራችን ይህ ጉዳት በተለይ የሚበረታው አልቢኒዝም ባለባቸው ወገኖቻችን ላይ ነው፤ ምክንያቱም ቆዳን ከፀሐይ ጨረር የሚጋርደው ሜላኒን የላቸውም ወይም በጣም ጥቂት ነው፤ የደጋው አየር ቢቀዘቅዝም የፀሐዩ ጨረር ግን ከከፍታው ጋር እየበረታ ይሄዳል።

ለዚህ ጉዳት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ አምስት በመቶ ፍሎሮዩራሲል ያለበት ቅባት ነው። መድኃኒቱ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለካንሰር ሕክምና የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ሴሎች ዲኤንኤያቸውን ለማባዛት የሚያስፈልጋቸውን ግብዓት እንዳይሠሩ ያግዳል። የተጎዱት ሴሎች ከጤነኞቹ ይልቅ በፍጥነት ስለሚባዙ ቀድመው ይሞታሉ፤ ቆዳው የሚቀላውና የሚቆስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳይነገረው ስለሚጀምር በሁለተኛው ሳምንት ፊቱን በመስታወት አይቶ ይደነግጥና ቅባቱን ይጥላል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የቆሰለበት ወቅት መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ያለበት ወቅት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2019 በኔዘርላንድስ በ624 ሕመምተኞች ላይ አራት ሕክምናዎችን ያነጻጸረ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት የተገኘው በዚህ ቅባት መሆኑን አሳይቷል።

ከመጀመርዎ በፊት። ቅባቱን በአብዛኛው ለሦስት ወይም ለአራት ሳምንታት ይቀቡታል፤ ቆዳው እስኪያገግም ደግሞ ሌላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰርግ፣ ምርቃት ወይም ረጅም የሜዳ ሥራ በሌለበት ወቅት ይጀምሩ፤ ለቤተሰብዎና ለሥራ ባልደረቦችዎም አስቀድመው ይንገሩ፣ ሕመሙ ተላላፊ እንዳልሆነም ያስረዱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለመፀነስ ካሰቡ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ቅባቱን መጠቀም የለብዎትም፤ ለሐኪሙ ይንገሩ። ዲፒዲ የተባለው፣ መድኃኒቱን በሰውነት ውስጥ የሚሰባብረው ኢንዛይም እንደሚጎድልዎ ከተነገረዎም እንዲሁ። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ ቦታውን ከፋፍሎ በየተራ እንዲያክሙት ሊያዝዝዎ ይችላል።

ሲቀቡ። ቦታውን ለብ ባለ ውኃ አጥበው በቀስታ ያድርቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በጓንት ወይም በጥጥ ስስ አድርገው ይቀቡ። ሐኪሙ በቀን አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ካለዎ ከዚያ አይለፉ፤ ማወፈር ፈውሱን አያፋጥንም፣ ቁስሉን ግን ያባብሳል። ከዓይን፣ ከአፍንጫ ቀዳዳና ከከንፈር ያርቁት። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የማታውን ቅባት ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ቢቀቡ ትራሱን አይነካም። ሐኪሙ ካላዘዘ በስተቀር በፋሻ አይሸፍኑት።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በዚህ ቅባት ውስጥ ፓራፊን ሊኖር ስለሚችል ቅባቱ የነካው ነጠላ፣ ሻሽ ወይም የትራስ ልብስ እሳት ሲያገኘው በቀላሉ ሊቀጣጠል ይችላል። ቡና በከሰል ሲያፈሉ፣ ጧፍ ወይም ሻማ ሲያበሩ ይጠንቀቁ፤ ልብሱንም ቶሎ ቶሎ ያጥቡ። ቅባቱ ለውሻና ለድመት ጥቂቱ እንኳ መርዝ ስለሆነ ቱቦውን ይቆልፉበት፤ የተቀባ ቆዳዎንም እንዲልሱ አይፍቀዱ።

በየሳምንቱ የሚጠብቅዎ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ ጤነኛ ይመስሉ የነበሩ ቦታዎችም ሊቀሉ ይችላሉ፤ የተደበቀው ጉዳት ነው ራሱን የገለጠው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ ይላጣል፣ ውኃ ያወጣል፣ ቅርፊት ይይዛል። ቅርፊቱን አይላጡ። ለስለስ ባለ ጨርቅና ለብ ባለ ውኃ ያርሱት፤ ቫዝሊን መቀባት ከፈለጉ መድኃኒቱ በቆዳዎ ላይ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ሕመሙን ለማስታገስ ተብሎ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ከገበያ የተገዛ የስቴሮይድ ቅባት አይጨምሩበት፤ የቆሰለ ቆዳን ሊያቃጥሉት ወይም ሕክምናውን ሊያደበዝዙት ይችላሉ። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ግዴታዎ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ በተቻለዎ መጠን ጥላ ውስጥ ይቆዩ።

ሕመሙ መታገሥ ከሚቻለው በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይናገሩ አይተዉት፤ ለጥቂት ቀናት አሳርፎ ወይም በቀን የሚቀቡበትን ጊዜ ቀንሶ ሊያስቀጥልዎ ይችላል። መግል፣ ትኩሳት፣ ከተቀባው ቦታ አልፎ የሚስፋፋ ቅላት ወይም የዓይን ሕመም ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የአፍ ቁስል፣ ከባድ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣም ቅባቱን አቁመው ወዲያውኑ ይታዩ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከጨረሱ በኋላ አዲሱ ቆዳ ለሳምንታት ሮዝ መልክ ይዞ ይቆያል፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት የሚጀምሩት ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ነው። የቀጠሮዎ ቀን ሲደርስ፣ ቆዳዎ ቢድንም እንኳ ሐኪሙ ዘንድ ይቅረቡ፤ ወፍሮ የቀረ፣ የሚደማ ወይም አልድን ያለ ቦታ ካለ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል።