ለመለስተኛ ብርድ የሚሆን ቀላል የላባ ስሊፒንግ ባግ እንዴት ይመረጣል?

ዕቃውን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም ውስጡ ገብተው የሚተኙበት የመኝታ ከረጢት፣ ከድንኳኑ ጋር የሚፎካከር ክብደትና ቦታ የሚወስድ ዕቃ ነው። ለመለስተኛ ብርድ የተሠራ ጥሩ የላባ ስሊፒንግ ባግ ግን ከ500 እስከ 800 ግራም ብቻ ሊመዝን፣ ሲጨመቅም ከአምስት እስከ ስድስት ሊትር ብቻ ሊይዝ ይችላል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ከ200 እስከ 500 ዶላር ያወጣሉ። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ሻጩ ከሚነግረው በላይ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሰው በማግስቱ ዳገት የሚወጣበት ጉልበት አይኖረውም።

መለስተኛ ብርድ ስል ሌሊቱ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆንበትን ጊዜ ማለቴ ነው።

1. በመጀመሪያ የሚያድሩበትን ሌሊት ይወቁ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቅርብ የሆነውን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንውሰድ። የታወቀው የአፓላችያን የእግር መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህሉ በዚህ ፓርክ ውስጥ ያልፋል። የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል 1,235 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይህ ከፍታ ቆላ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሸንተረሩ ላይ ያለው አየር ከሸለቆው በአምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጁላይ ላይ ሌሊቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው። ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚያም የሚብስበት ሌሊት አለ።

ስለዚህ በቅርብ ያለውን ከተማ የአየር ትንበያ አይተው አይወስኑ። ከከተማው ተነሥተው በወጡ ቁጥር ለየ1,000 ሜትሩ ከስድስት እስከ ሰባት ዲግሪ ይቀንሱ። ከዚያ የሚያገኙት ዝቅተኛ ቁጥር የግዢዎ መነሻ ይሆናል።

ለሸናንዶዋ የገዙትን ይዘው ለእረፍት ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ካሰቡ ግን ይጠንቀቁ። ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እዚያ ለማደር ሌላ፣ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋል፤ ቀጭኑን በልብስ እሞላዋለሁ ብሎ መተማመን አያዋጣም።

2. ሦስቱን የሙቀት ቁጥሮች ለይተው ያንብቡ

ገበያ ላይ ሰው የሚሳሳተው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። አይ ኤስ ኦ 23537 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈተነ ስሊፒንግ ባግ መለያው ላይ የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ፈተናው የሚካሄደው በውስጡ ማሞቂያ የተገጠመለት የሰው ምስል የውስጥ ልብስ ለብሶ፣ ከሥሩ ቀላል የጉዞ ፍራሽ ተነጥፎለት ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ እንዲተኛ ተደርጎ ነው።

ኮምፎርት የሚባለው ቁጥር አንዲት መካከለኛ ሴት ዘና ብላ፣ ሳይበርዳት ልታድርበት የምትችልበት ሙቀት ነው። ሊሚት ደግሞ አንድ መካከለኛ ወንድ ሰውነቱን ሰብስቦና ተጠቅልሎ፣ ወደ ብርድ ሳይገባ የሚያድርበት የመጨረሻው ወሰን ነው። በሁለቱ መካከል ብዙውን ጊዜ የአምስት ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሦስተኛው፣ ኤክስትሪም የሚባለው፣ ስለ እንቅልፍ የሚናገር ቁጥር አይደለም። አንዲት ሴት ለስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ የምትችልበትን ሙቀት ያመለክታል። በዚህ ቁጥር ተመርኩዞ የሚገዛ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ችግሩ ብዙ አምራቾች በዕቃው ስም ላይ በትልቁ የሚጽፉት ሊሚቱን መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ቁጥሩ በፋራናይት ነው፤ «30» የሚል ስም ያለው ስሊፒንግ ባግ ወደ 1 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ «40» የሚለው ደግሞ ወደ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሊሚቱ ይህ ከሆነ ኮምፎርቱ በአምስት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙን ትተው ኮምፎርት የሚለውን ቁጥር ፈልገው ያግኙ። ካልተጻፈ ሻጩን ይጠይቁ፤ ሻጩም ካላወቀ ከተጻፈው ቁጥር ላይ አምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምረው ያስቡ።

ቶሎ የሚበርድዎ ከሆነ፣ ዕድሜዎ ገፋ ካለ ወይም ሰውነትዎ ቀጭን ከሆነ ተጨማሪ አራት ወይም አምስት ዲግሪ መጠባበቂያ ይያዙ። አንድ ብቻ ግዛ ብባል እኔ ኮምፎርቱ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ የሆነውን እመርጣለሁ። በሞቃት ሌሊት ዚፑን ከፍቶ እንደ ብርድ ልብስ መደረብ ይቻላል፤ በቀዝቃዛ ሌሊት ግን የሌለ ላባ ከየትም አይመጣም።

3. የላባውን ጥራትና መጠን አብረው ይመዝኑ

እዚህ ላባ የምለው በእንግሊዝኛ ዳውን የሚባለውን ነው፤ ይህም ከዝይና ከዳክዬ ደረት ላይ፣ ከውጪኛው ላባ ሥር የሚገኘው ጠንካራ ዘንግ የሌለው ለስላሳ ክፍል ነው። ሙቀት የሚሰጠው በመካከሉ አየር ይዞ በማቆየቱ ነው። ጋቢም እንዲሁ ነው፤ የሚያሞቀን በድርቦቹ መካከል ያለው አየር ነው።

ፊል ፓወር የሚለው ቁጥር አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ላባ፣ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚሞላ ይናገራል። 800 ከሆነ 28 ግራሙ 13 ሊትር ያህል ይነፋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ላባው በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ይይዛል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሆኖም ይህ ቁጥር ስለ ጥራት እንጂ ስለ መጠን አይናገርም። ውስጡ ስንት ግራም ላባ እንዳለ የሚገልጸውን ሁለተኛ ቁጥር ሳያዩ አይግዙ።

ሁለቱን አባዝተው ያወዳድሩ። አንደኛው ስሊፒንግ ባግ 850 ፊል ፓወር ያለው 300 ግራም ላባ፣ ሁለተኛው 650 ፊል ፓወር ያለው 400 ግራም ላባ ቢኖረው፣ የመጀመሪያው 255,000፣ ሁለተኛው 260,000 ይመጣል። ቅርጻቸው ተመሳሳይ ከሆነ ሙቀታቸውም ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛው በ100 ግራም ይከብዳል፣ ሲጨመቅም ትንሽ ይተልቃል፤ በዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ይረክሳል። ቅዳሜና እሁድን ብቻ ለሚጓዝ ሰው ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ የተረፈው ገንዘብ ለፍራሹ ይዋል። ለወራት የሚጓዝ ሰው ግን ለመጀመሪያው ቢከፍል አይፈረድበትም።

ለዚህ ዓይነት ሌሊት ከ800 በላይ ፊል ፓወር ያለው ከ250 እስከ 400 ግራም ላባ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ላባው የተገኘው ወፎቹ በሕይወት ሳሉ ተነጭቶ፣ ወይም በግድ እንዲበሉ ተደርገው እንዳልሆነ ማረጋገጥ ከፈለጉ አር ዲ ኤስ የሚለውን ምልክት ይፈልጉ። እኔ ያለዚህ ምልክት አልገዛም።

4. ቅርጹንና ስፌቱን ይመልከቱ

ወደ እግር እየጠበበ የሚሄደውና ኮፍያ ያለው ቅርጽ ከሰፊው ይልቅ ቀላል ነው፤ ሰውነትም ትንሽ አየር ብቻ ስለሚያሞቅ ቶሎ ይሞቃል። በጎን የሚተኛና በሌሊት የሚገላበጥ ሰው ግን ሊታፈን ይችላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ከሥር ክፍት የሆነው፣ ከፍራሹ ጋር በማሰሪያ የሚያያዘውና ኩዊልት የሚባለው ይስማማዋል፤ ኮፍያ ስለሌለው የሱፍ ቆብ መያዝን አይርሱ።

የላይኛውና የታችኛው ጨርቅ አንድ ላይ የተሰፋበት ቦታ ላባ ስለሌለው ብርድ ያስገባል። ለ10 ዲግሪ ሌሊት ይህ ስፌት አያስጨንቅም። ወደ 5 ዲግሪ ለሚወርድ ሌሊት ግን በሁለቱ ጨርቆች መካከል የጨርቅ ግድግዳ የቆመለትን ይምረጡ። ከዚፑ ጀርባም በላባ የተሞላ መከለያ መኖሩን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።

5. ስለ እርጥበትና ስለ ፍራሽ ያስቡ

ላባ ሲረጥብ ይጨማደዳል፣ የያዘውን አየር ያጣል፣ ለመድረቅም ብዙ ሰዓት ይወስዳል። የቨርጂኒያ በጋ ወበቅና ነጎድጓዳማ ዝናብ አለው። ውሃ እንዳይጠጣ በኬሚካል የታከመ ላባ አለ፤ መርጠቡን ጥቂት ያዘገያል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። የቦርሳዎን ውስጥ በወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ይሸፍኑና ስሊፒንግ ባጉን እዚያ ውስጥ ይክተቱ። የሰውነት ላብም በየሌሊቱ ላባው ውስጥ ስለሚገባ፣ ለምሳ ሲያርፉ አውጥተው ያናፍሱት። በተከታታይ ዝናብ ለብዙ ቀን የሚሄዱ ከሆነ ግን ከላባው ይልቅ ሰው ሠራሹ መሙያ ይሻልዎታል።

ከጀርባዎ ሥር ያለው ላባ በክብደትዎ ስለሚጨፈለቅ ከመሬቱ ቅዝቃዜ አይከላከልም። ያንን ሥራ የሚሠራው ፍራሹ ነው። የፍራሽ ሙቀት የሚለካው በአር ቫልዩ ነው፤ ለመለስተኛ ብርድ ከ2 እስከ 3 ያለው ይበቃል። «ስሊፒንግ ባጌ አይሞቅም» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ያለው ከበታቻቸው ካለው ፍራሽ ነው።

6. ከመክፈልዎ በፊት ይሞክሩት

ከከረጢቱ አውጥተው አራግፉትና ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት። ከዚያ ወደ መብራት አንሥተው አሻግረው ይመልከቱ። ላባው በእኩል ከተሰራጨ ጨርቁ ወጥ ሆኖ ይጠቁራል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ካዩ በጣትዎ እየገፉ ላባውን ወደዚያ ለመመለስ ይሞክሩ። ካልተመለሰ ሌላ ይጠይቁ። ጨቁነው ሲለቁት እየወጋ የሚወጣ የላባ ዘንግ በብዛት ካለ፣ ወይም የሚከረፋ ሽታ ካለው፣ ላባው ዝቅተኛ ወይም በደንብ ያልታጠበ ነው።

ጫማዎን አውልቀው ይግቡበት። ዚፑን እስከ አንገትዎ ዘግተው በሁለቱም ጎን ይገላበጡ። ትከሻዎ ጨርቁን ከወጠረው ላባው እዚያ ላይ ስለሚጨመቅ ይበርድዎታል። እግርዎ ጫፉን መግፋት የለበትም፤ በጣም ረጅም ከሆነም ባዶውን ቦታ በሰውነትዎ ሙቀት ሲያሞቁ ያድራሉ። ዚፑን በጨለማ እንደሚከፍቱት አድርገው ዓይንዎን ጨፍነው በአንድ እጅ ይክፈቱ፤ ጨርቁን የሚነክስ ዚፕ ቀጭን ናይለን ይቀድዳል።

7. ከገዙት በኋላ

ቤት ውስጥ ጨምቀው አያስቀምጡት። አብሮት በመጣው ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያኑሩት፣ ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ይስቀሉት። ቀጭን አንሶላ መሰል ሽፋን ውስጥ ገብተው ቢተኙበት ላብና ቅባት ላባው ድረስ ብዙም ስለማይደርስ፣ ለዓመታት ሳያጥቡት ሊቆዩ ይችላሉ። ማጠብ ሲያስፈልግ ለላባ በተዘጋጀ ሳሙና፣ በፊት በኩል በሚከፈት ማሽን ያጥቡት። ማድረቂያው ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ከሁለት ወይም ከሦስት ንጹሕ የቴኒስ ኳሶች ጋር ያዙሩት፤ ኳሶቹ የተጣበቀውን ላባ ይለያዩታል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል። ሲዳስሱት ምንም እብጠት እስከማያገኙ ድረስ አያውጡት፤ ጥቂት እርጥበት ከቀረበት ላባው ይሻግታል።