ውድ የሙዚቃ ስትሪመር ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይፈትኑታል?

የሙዚቃ ስትሪመር ከኢንተርኔት ወይም ቤት ውስጥ ካለ የፋይል ማከማቻ ሙዚቃ እየሳበ ለአምፕሊፋየር የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ሳጥኑ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም ተፈልፍሎ ቢወጣም፣ ዋጋው ከመኪና ዋጋ ጋር ቢፎካከርም፣ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር ነው። ይህን የምለው ዕቃውን ለማናናቅ አይደለም፤ የፈተናውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ይኸው ስለሆነ ነው። ብዙ ገዢ መደብር ገብቶ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ብቻ ይፈርዳል። ቤቱ ካስገባው በኋላ የሚያማርረው ግን በድምፁ ሳይሆን በመተግበሪያው ነው፦ ዘፈን መሃል ይቆማል፣ የስልኩን ትእዛዝ አይሰማም፣ አልበሞችን ያደበላልቃል። ስለዚህ እዚህ ጆሮ የሚጠራው በመጨረሻ ነው።

1. ምን እንደሚገዙ ይለዩ

በዚህ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዲጂታል መረጃ ብቻ ያስተላልፋል፤ ቁጥሩን ወደ አናሎግ ድምፅ የሚቀይረው ክፍል፣ ማለትም ዳክ፣ የለውም። ሁለተኛው ዳኩን በውስጡ ይዟል። ሦስተኛው አምፕሊፋየሩንም ስለያዘ የሚቀረው ስፒከር ማገናኘት ነው። ጥሩ ዳክ ካለዎት ሁለተኛውን ዓይነት መግዛት ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል። አንደኛውን ከመረጡ ደግሞ የድምፅ ልዩነቱ እጅግ ጠባብ እንደሚሆን ከወዲሁ ይወቁት፤ ቁጥሩን ሳያዛባ ያደረሰ አስተላላፊ ሥራውን ጨርሷል።

2. ሙዚቃው በየት በኩል እንደሚገባ ይጠይቁ

የሚከፍሉበትን አገልግሎት ስም በምርቱ መግለጫ ላይ ማየት አይበቃም። በስፖቲፋይ ኮኔክት፣ በታይዳል ኮኔክት ወይም በቆቡዝ ኮኔክት ስልኩ አዛዥ ብቻ ነው፤ ሙዚቃውን ስትሪመሩ ራሱ ከኢንተርኔት ይስባል። ብሉቱዝ ግን ድምፁን በስልኩ አሳልፎ፣ በአብዛኛው ከመረጃው ላይ ቆርጦ እንደገና ይጨምቀዋል። ለእንግዳ ስልክ ይመቻል፤ የውድ ዕቃ ዋና በር ሊሆን ግን አይገባም። የአፕል ሚዩዚክ ደንበኞች በተለይ ይጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ስትሪመሮች ይህን አገልግሎት የሚቀበሉት የአፕል ገመድ አልባ ማስተላለፊያ በሆነው በኤርፕሌይ በኩል ስለሆነ አገልግሎቱ የሚያቀርበው ከፍተኛ ጥራት እንዳለ ላይደርስ ይችላል።

ፊት ለፊት ለተለጠፈ የቅርጸት ምልክት ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። ኤምኪውኤ የተባለው ቅርጸት ለዓመታት እንደ ማዕረግ ሲለጠፍ ቆይቶ ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የኪሳራ አስተዳደር ውስጥ ገባ፤ ታይዳልም በ2024 ትቶት፣ ጥራት ሳይቀንስ ወደሚጨምቀው ቅርጸት፣ ወደ ፍላክ ዞረ። ሲዲ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርዝ (ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት እየተጻፈ) የሚቀዳው እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ነው፤ የሰው ጆሮ በደህና ዕድሜው የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ነው። 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ የሚቀበል መሣሪያ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚደረደረው ቁጥር ለማስታወቂያ ይጠቅማል።

3. መተግበሪያውን ያስጨንቁት

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚገባው ይህ ደረጃ ነው። የአምራቹን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ከተቻለም ዕቃውን በመመለሻ ዋስትና ወስደው ቤትዎ ይሞክሩት። ሻጩ ያዘጋጀውን የዘፈን ዝርዝር ሳይሆን የራስዎን ስብስብ፣ ያውም የተዝረከረከውን ክፍል፣ ይስጡት። በብዙ ዲስክ የተከፋፈለ ኦፔራ አንድ አልበም ሆኖ ይታያል ወይስ ተበታትኖ? በግዕዝ፣ በዓረብኛ ወይም በጃፓንኛ ፊደል የተጻፉ ርዕሶች ይነበባሉ ወይስ ባዶ ሳጥን ሆነው ይቀራሉ? በአስር ሺህ የሚቆጠሩ ዘፈኖች ያሉበትን ማከማቻ ሲያገላብጥ ይንቀረፈፋል?

ቀጥሎ በመድረክ የተቀዳ አልበም ያጫውቱ። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሲሻገር የአዳራሹ ጭብጨባ ለቅጽበት እንኳን ከተቆረጠ መሣሪያው ዘፈኖችን ያለ ክፍተት ማያያዝ አያውቅም ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ይህ ጉድለት ይቅር አይባልም።

ከዚያ ሆን ብለው ያበላሹ። ሙዚቃ እየተጫወተ ስልኩን ያጥፉ። ራውተሩን ነቅለው ይመልሱትና ስትሪመሩ ያለ እርዳታ ተመልሶ መገናኘቱን ይዩ። ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ይዘዙት። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ለመንቃት የሚፈጅበትን ጊዜ ይመልከቱ። ስትሪመሩን በቀጥታ ከኃይል አምፕሊፋየር (በአብዛኛው የራሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ከሌለው) ጋር የሚያገናኙ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት የድምፅ ጣሪያ ማበጀት እንደሚቻል ያረጋግጡ፤ በመተግበሪያ ስህተት ድምፁ በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ ቢወጣ ስፒከሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

የአምራቹ ጽናትም የዚሁ ደረጃ አካል ነው። ሎጂቴክ ስኩዊዝቦክስ የተባሉትን ተወዳጅ ስትሪመሮች ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር፤ የሚመሩበትን የኢንተርኔት አገልግሎት ደግሞ በ2024 ዘጋው። መሣሪያዎቹ ዛሬም የሚሠሩት የማጫወቻ ሶፍትዌሩ ለሁሉም ክፍት ስለነበረና ተጠቃሚዎች ላይሪዮን በሚል ስም ስላስቀጠሉት ነው። ስለዚህ ሻጩን ይጠይቁ፦ የአምራቹ አገልጋይ ነገ ቢዘጋ ይህ ሳጥን ቤት ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ያጫውታል? የመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ መቼ ወጣ? የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው የዚሁ አምራች ዕቃስ ዛሬም ማሻሻያ ያገኛል? መልሱ ከማንኛውም የድምፅ ግምገማ ይልቅ ስለ ዕቃው ይናገራል።

4. ቁጥሩ ሳይነካ መድረሱን ይመልከቱ

የናሙና መጠኑን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) በማሳያው የሚጽፍ ዳክ ያገናኙና በ44.1፣ በ48፣ በ96 እና በ192 ኪሎኸርዝ የተቀዱ ፋይሎችን ተራ በተራ ያጫውቱ። ማሳያው እየተከተለ ከተለወጠ መልካም። ሁሉንም 48 ብሎ ካሳየ ስትሪመሩ ሙዚቃውን በራሱ ፈቃድ እየለወጠው ነው፤ ይህን የሚያደርገው ማስተካከያ ተፈልጎ ይዘጋ። የኦፕቲካል ገመድ መውጫ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ከ96 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማይሄድ ለዚህ ሙከራ ዩኤስቢ ወይም ኮአክሲያል (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዲጂታል ገመድ) ይሻላል።

5. የኔትወርኩን ገመድ ይንቀሉ

ዋይፋዩን አጥፍተው በኢተርኔት ገመድ ሙዚቃ ያስጀምሩ፤ ጥቂት ቆይተው ገመዱን ከጀርባው ይንቀሉት። ብዙዎቹ ስትሪመሮች ለጥቂት ጊዜ፣ አንዳንዶቹም እስከ ዘፈኑ መጨረሻ፣ መጫወታቸውን ይቀጥላሉ፤ መረጃው አስቀድሞ ማኅደረ ትውስታቸው ውስጥ ገብቷልና። ገመዱ በሌለበት በዚያ ጊዜ ድምፁ ተለውጦ እንደሆነ ያዳምጡ። ካልተለወጠ ለውድ የኔትወርክ ገመድ የሚከፍሉበትን ምክንያት አጥተዋል ማለት ነው። 24 ቢትና 192 ኪሎኸርዝ ያለው ስቴሪዮ ሙዚቃ ሳይጨመቅ እንኳን በሰከንድ 9.2 ሜጋቢት ነው፤ ለማንኛውም ደህና ኔትወርክ ቀላል ሸክም ነው። ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ከሆነ ጥፋቱን ከስትሪመሩ በፊት በዋይፋይዎ ላይ ይፈልጉት።

6. ዝምታውን ያዳምጡ

ሙዚቃውን ያቁሙ፣ አምፕሊፋየሩን ከሚያዳምጡበት መጠን ትንሽ ከፍ ያድርጉና ጆሮዎን ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። «ሽሽ» የሚል ቀጭን ድምፅ ጥቂት ቢኖር አያስደንቅም። «እምም» የሚል ጉምጉምታ ወይም በስክሪኑ እንቅስቃሴ የሚለዋወጥ ጭርጭርታ ከተሰማ ግን የኤሌክትሪክ ረብሻ በመሬት መስመር በኩል እየገባ ሊሆን ይችላል። ስትሪመሩን ከዳኩ ጋር በኦፕቲካል ገመድ ያገናኙ፤ በብርሃን ስለሚሠራ ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ጉምጉምታው ከጠፋ ምንጩን አገኙ። ስለ ጥሩ ኃይል አቅርቦት የሚነገረው ሁሉ ባዶ ወሬ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ የተሠራ ዕቃ ይህን ረብሻ በዩኤስቢም ቢሆን ያስቀራል።

7. አሁን ጆሮዎን ይጥሩ

ለማነጻጸሪያ ርካሽ ስትሪመር ይዋሱ። ሁለቱን ከአምፕሊፋየሩ ሁለት መግቢያዎች ጋር ያገናኙና መጀመሪያ የድምፅ መጠናቸውን እኩል ያድርጉ። ይህን መዝለል ፈተናውን በሙሉ ከንቱ ያደርገዋል፤ ጥቂት ጎላ ብሎ የተሰማ ዕቃ ሁልጊዜ «የተሻለ፣ የጠራ፣ ሕይወት ያለው» ይመስላልና። ተራው የአርሲኤ መውጫ (ክቡ ትንሽ መሰኪያ) በልማድ 2 ቮልት ሲሰጥ የኤክስኤልአሩ (ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ) 4 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው፤ ብዙ መደብር ውስጥ የሚሸጠውም ይኸው ልዩነት ነው ብል አላጋነንኩም።

ለማስተካከል 100 ኸርዝ አካባቢ የሆነ የሙከራ ድምፅ አጫውተው በስፒከሩ መገናኛ ላይ በመልቲሜትር ይለኩ፤ ርካሽ መልቲሜትሮች ከፍ ባለ ድግግሞሽ ይሳሳታሉ። አንዱ 2.00 ቮልት ካሳየ ሌላው በ1.98 እና በ2.02 መካከል ይሁን፤ ይህ 0.1 ዴሲቤል ገደማ ነው።

ከዚያ ወዳጅዎ ሳንቲም እየጣለ መሣሪያውን ይምረጥ፤ እርስዎ ሳያዩ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ። ሁለቱ በጥቂት ቅጽበት ተቀዳድመው ስለሚጫወቱ መዘግየቱ ማንነታቸውን እንዳያጋልጥ ዘፈኑ በየተራው ከመጀመሪያው ይነሳ። አሥራ ስድስት ጊዜ ይሞክሩ። ቢያንስ 12ቱን ካወቁ በግምት የመሆን ዕድሉ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 8 ወይም 9 ካገኙ ልዩነት አልሰሙም፤ ቢቆጭም ውጤቱን ይቀበሉት።

በዚህ ደረጃ የወደቀ ውድ ስትሪመር የግድ አይጣልም። በሦስተኛው ደረጃ አልፎ ከሆነ፣ በተረጋጋ መተግበሪያና በረጅም ድጋፍ የሚተማመኑበት ዕቃ ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ መዝነው ይወስኑ። በሦስተኛው ወድቆ በሰባተኛው ያለፈውን ግን የመመለሻ ጊዜው ሳያልቅ ይመልሱት። የተረፈውን ገንዘብ ስፒከር ወይም የክፍሉን ማስተጋባት ለማስተካከል ቢያውሉት ልዩነቱን ለመስማት ሳንቲም መጣል አያስፈልግዎትም።