ኮቭ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአየርላንድ ደቡብ፣ ከኮርክ ከተማ በባቡር 25 ደቂቃ ያህል ርቃ አንዲት ትንሽ የወደብ ከተማ አለች፤ ኮቭ ትባላለች። ብዙ ሰው ጠዋት ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ያሳዝነኛል። ሙሉ ቀን ይስጧት። ቀኑን የሚያበላሹት ስህተቶች ቀድመው ካወቋቸው ቀላል ናቸው።

የሸንገን ቪዛ ይበቃል ማለት

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ የምትገበያየውም በዩሮ ነው። ሸንገን ውስጥ ግን የለችበትም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የጀርመን ወይም የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም በመደበኛው የአየርላንድ ቪዛ ለብቻው ማውጣት አለበት። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

የተሳሳተ ባቡር መሳፈር

ከኮርክ ኬንት ጣቢያ የሚነሳው መስመር ግላውንቶን ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሚድልተን፣ ሌላው ወደ ኮቭ ነው። ሰሌዳውን አይተው ይሳፈሩ። ከዚያ በስተቀኝ በኩል ይቀመጡ፤ ባቡሩ ወደ መጨረሻው ላይ ውሃውን ታኮ ነው የሚሄደው። ልጆች ካሉ በዚሁ መስመር ፎታ የሚባል የዱር እንስሳት ፓርክ አለ። ቀጭኔውም አቦሸማኔውም እዚያ ነው። ግን ለሱ ሌላ ቀን ይያዙለት።

ታይታኒክን ብቻ አይቶ መመለስ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ታይታኒክ ለመጨረሻ ጊዜ መንገደኛ የጫነችው እዚህ ነው፤ ኤፕሪል 11 ቀን 1912። ያኔ ከተማዋ ኩዊንስታውን ነበር ስሟ። ብዙዎች መርከቧ ከተማው ዳር ድረስ የመጣች ይመስላቸዋል። አልመጣችም። ከወደቡ አፍ ላይ፣ ሮችስ ፖይንት አካባቢ መልህቋን ጣለች፤ 123 መንገደኞች በትንንሽ መርከቦች ተወሰዱላት። የተሳፈሩበት የእንጨት መድረክ ቅሪት የታይታኒክ ኩባንያ ከነበረው ከኋይት ስታር ላይን የድሮ ቢሮ ጀርባ ዛሬም ውሃው ላይ ቆሟል። ቢሮው አሁን ሙዚየም ሆኗል። ሲገቡ ከመንገደኞቹ የአንዱ ስም ያለበት ካርድ ይሰጥዎታል። ያ ሰው ይትረፍ ይሙት የሚያውቁት መጨረሻ ላይ ነው። ከ123ቱ የተረፉት 44 ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ታሪክ ነው። ኮቭ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ስትሸኝ ኖራለች። ከ1848 እስከ 1950 ድረስ 2.5 ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ከአየርላንድ የወጡት በዚህች ወደብ ነው። በየገጠሩ ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ጎረቤት ዋዜማውን ተሰብስቦ ያድር ነበር። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል። ሊነጋ ሲል ደግሞ ሰው እንደሞተ ይለቀሳል፤ አብዛኛው ወላጅ ልጁን ዳግም አያይማ። ቦሌ ላይ ልጁን የሸኘ ሰው ይህ ይገባዋል።

ባቡር ጣቢያው ላይ ያለው የቅርስ ማዕከል ይህን ታሪክ በደንብ ይነግራል። ጊዜ ካጠረዎ ከታይታኒኩ ሙዚየም እሱን ያስቀድሙ ባይ ነኝ። እዚያው ውሃው ዳር የአኒ ሙር ሐውልት አለ፤ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ አብረዋት ናቸው። 17 ዓመቷ ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ኒውዮርክ የሚገኘው የኤሊስ ደሴት የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እሷ ሆነች።

ሉሲታኒያ የምትባለው የመንገደኞች መርከብም ነገር አለ። ሜይ 7 ቀን 1915 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መታት፤ በ18 ደቂቃ ሰመጠች። ወደ 1,200 ሰው አለቀ። የተረፉትም፣ ከተገኙት አስከሬኖች ብዙዎቹም የመጡት ወደዚህ ነው። መታሰቢያው መሃል አደባባይ ላይ ስለሆነ ሁሉም ያየዋል። መካነ መቃብሩ ግን ከከተማው ወጣ ስለሚል የሚደርስበት ጥቂት ሰው ነው። ከ150 በላይ የሉሲታኒያ ሟቾች እዚያ አርፈዋል፤ አብዛኞቹ በሦስት የጅምላ መቃብሮች። እባክዎ ይሂዱ።

ለፎቶ ብሎ አጥር ላይ መውጣት

ባለቀለሞቹ ቤቶች ዳገቱ ላይ ተደርድረው፣ ከኋላቸው ካቴድራሉ የሚታይበትን ፎቶ ሳያዩ አልቀሩም። 23 ቤቶች ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል። ከላይ ለማንሳት ብለው ግንብ ላይ የሚንጠላጠሉ አሉ። አያስፈልግም፤ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ካለው ትንሽ መናፈሻ ጥሩ ፎቶ ይወጣል። ደረጃቸው ላይ ግን አይቀመጡ። ከዚያ ዳገቱን ጨርሰው ቅዱስ ኮልማን ካቴድራል ይግቡ። ግንባታው በ1868 ተጀምሮ ያለቀው በ1919 ነው። 49 ደወሎች አሉት፤ በሰመር እሁድ ከሰዓት ሲደወሉ ወደቡ ሁሉ ይሰማቸዋል።

ስፓይክ ደሴትን ለመጨረሻ መተው

ይህ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነው። ከከተማው በጀልባ ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆንም በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ነው፣ በብርዱ ወራት ደግሞ ይቀንሳል። ትኬቱን ቀድመው ይግዙ፣ ግማሽ ቀንም ይመድቡለት። ደሴቱ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ምሽግ አለ። በ1850ዎቹ ከ2,000 በላይ እስረኞች የታጎሩበት ወህኒ ነበር። እንግሊዞች ደሴቱን ለአየርላንድ ያስረከቡት በ1938 ነው። እስር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋው ደግሞ በ2004። ትልልቅ የቱሪስት መርከቦች የሚገቡበትን ቀንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያን ቀን ከተማው በሰው ይጥለቀለቃል።

ስለ ልብስና ምግብ

ጃንጥላ ነፋሱ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይሻላል። መንገዱ ዳገት ስለሆነ ጫማዎ የማያዳልጥ ይሁን። በዲሴምበር በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይመሻል፤ በጁን ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብርሃን አለ።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ ሰው የአየርላንድ ቁርስ ወጥመድ ነው። ቋሊማውም ቤከኑም አሳማ ነው፤ ብላክ ፑዲንግ የሚሉት ጥቁሩ ደግሞ በአሳማ ደም ይሠራል። የዓሳ ሾርባቸውም ብዙ ጊዜ ክሬም አለበት፣ አንዳንዴ ቤከንም ይገባበታል። ከማዘዝዎ በፊት ይጠይቁ።

ሶኒያን ሳያዩ ማለፍ

ውሃው ዳር የአንዲት ሯጭ ሐውልት አለ። ሶኒያ ኦሱሊቫን ናት፤ የኮቭ ልጅ። በሲድኒ 2000 በ5,000 ሜትር ብር ስትወስድ ከኋላዋ ነሐስ ያገኘችው የእኛዋ ጌጤ ዋሚ ነበረች። በ10,000 ሜትር ደግሞ ደራርቱ ወርቅ፣ ጌጤ ብር ወሰዱ፤ ሶኒያ ስድስተኛ ወጣች። ከአገሬው ሰው ጋር ወሬ ለመጀመር ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኙም።