ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ የሚዘገይ ኦቶማቲክ ካምቢዮ፦ ከመፈታቱ በፊት ምን ይታይ?

ጉልበት ያለው መኪና ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲረገጥ ለአፍታ አመንትቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ፍርድ «ካምቢዮው አልቋል» የሚለው ሲሆን፣ የሚቀጥለው እርምጃ ደግሞ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ካምቢዮ ማጠያየቅ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ካምቢዮ መቀየር ከሁሉም በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት መዘግየቱ የተፈጠረበት ቦታ ነው። ካምቢዮው ዝቅተኛውን ማርሽ ለመምረጥ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ማርሹ ተመርጦ ሞተሩ ኃይል ለማውጣት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ማርሹ ገብቶ በካምቢዮው ውስጥ እየጨበጡ ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች፣ ፍሪሲዮኖቹ፣ እየተንሸራተቱ ሊሆን ይችላል። ሦስቱም መሪውን ለያዘው ሰው አንድ ዓይነት ስሜት ቢሰጡም መፍትሔያቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ሙከራው በመስቀል አደባባይ ወይም በቸርችል ጎዳና ላይ የሚደረግ አይደለም። የካምቢዮው ዘይት ከሞቀ በኋላ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ መንገዱ ነጻ ሲሆንና በተፈቀደው የፍጥነት ወሰን ውስጥ፣ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የሞተሩን ዙር ቆጣሪ እየተመለከተልዎ ይሞክሩት። በመጀመሪያ ካምቢዮውን ዲ ላይ ትተው ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ቀጥሎ ማርሹን በእጅ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገው እንደገና ይርገጡ። ሁለተኛው ሙከራ ፈጣን ከሆነ የካምቢዮው የውስጥ አካል ጤነኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ መጨረሻው ድረስ መድረሱን ያረጋግጡ፤ ለክረምቱ ጭቃ ተብሎ በምንጣፉ ላይ የተደረበ ላስቲክ ብቻውን ፔዳሉ ኪክዳውን ከሚባለው፣ ካምቢዮው ዝቅ ያለ ማርሽ እንዲመርጥ ከሚያዘው የመጨረሻ ነጥብ እንዳይደርስ ሊያግደው ይችላል። የዙር ቆጣሪው መርፌ ወደ ላይ እየተወነጨፈ መኪናው ግን ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ መንሸራተት አለ ማለት ነውና ሙከራውን ወዲያው ያቁሙ።

ዙሩና ፍጥነቱ አብረው፣ ነገር ግን በዝግታ የሚጨምሩ ከሆነ ጥያቄው የሞተሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል፣ ተርቦ ያለውም ቢሆን ጉድለቱን ለመሙላት ተርቦው የበለጠ መሽከርከር ስላለበት ዘግየት ይላል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ካምቢዮው ወደ ቀጣዩ ማርሽ የሚያልፈው ሞተሩ ከፍ ያለ ዙር ላይ ሲደርስ ነውና፣ ዙሩ ሲዘገይ ቅያሬውም የዘገየ ይመስላል። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው አዳማ ሜዳ ላይ መኪናው የሚነቃ ከሆነ ጥፋተኛው አየሩ ነው። ከዚህ ውጪ የአየር ፊልትሮው፣ የተርቦው ቱቦዎች፣ ካንዴላዎቹና ኮይሎቹ ይታዩ፤ ያረጀ ካንዴላ ከባድ ጭነት ላይ ብቻ መተኮስ ሲያቅተው የሚፈጥረው መንገጫገጭ ከካምቢዮ ብልሽት ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ጋራዥ ሲሄዱ የሞተሩም የካምቢዮውም ኮምፒውተር እንዲነበብና የብልሽት ኮዶቹ ከመጥፋታቸው በፊት እንዲመዘገቡ ይጠይቁ። አንዳንድ መካኒኮች ኮዱን ቀድመው ያጠፉትና ምርመራው በግምት ይቀጥላል።

የካምቢዮው ዘይት ረጋ ያለ ትኩረት ይፈልጋል። መኪናው በኃይል ሲነሣ ዘይቱ በገንዳው ውስጥ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ መጠኑ ትንሽ ከጎደለ ፓምፑ አየር ሊስብ፣ ግፊቱ ሊወርድና ፍሪሲዮኖቹ በጊዜ ላይጨብጡ ይችላሉ፤ በዝግታ ሲነዳ የማይታየው ችግር በዚህ ጊዜ ይገለጣል። በብዙ የቢኤምደብልዩና የጃጓር መኪኖች ላይ ያለውን ባለ ስምንት ማርሹን ዜድኤፍ 8ኤችፒ እንደ ምሳሌ ብንወስድ፣ ዘይቱ «የዕድሜ ልክ ነው» ሲባል ቢሰማም አምራቹ ዜድኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ወይም ቢበዛ በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ፊልትሮው ከፕላስቲኩ ገንዳ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ለብቻው አይቀየርም። መጠኑ የሚለካው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሆኖ ነው። በሜክሲኮ አደባባይ መጨናነቅ ውስጥ ሲንፏቀቅ ቆይቶ ጋራዥ የደረሰ መኪና ዘይቱ ከዚህ በላይ ስለሚግልና ስለሚሰፋ፣ ወዲያው የዘይት መሙያው ቡሽ ቢከፈት ትርፍ መስሎ የሚፈሰው ዘይት በእርግጥ የሚያስፈልገው ነው። እንዲበርድ መጠበቅ ግድ ነው። የወጣው ዘይት ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ወይም በገንዳው ማግኔቶች ላይ ከደቃቅ ዱቄት አልፎ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ፣ ዘይት መቀየር ብቻውን አያድነውም።

ዘይቱ ከተቀየረ በኋላ የካምቢዮው ኮምፒውተር ከአነዳዱና ከፍሪሲዮኖቹ ሁኔታ የተማራቸው እሴቶች በመሣሪያ ተስተካክለው መኪናው ለተወሰነ ጊዜ በልከኛ ረገጣ መነዳት አለበት። ከዚያም በኋላ መንሸራተቱ ከቀጠለ ዘይቱን ወደየፍሪሲዮኑ የሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲና በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ቫልቮቹ፣ ሶሌኖይዶቹ፣ ይመርመሩ፤ ያገለገለ ካምቢዮ መግዛቱ የግድ ከሆነም ሞዴሉ ከሞተርዎ ጋር የሚስማማ መሆኑንና ባለሙያው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ሊያላምደው የሚችል መሆኑን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያረጋግጡ።