የአበባ ዝንጅብልን በድሬዳዋ ግቢ ለማሳደግ

ለሻይና ለወጥ ከምንጠቀምበት ዝንጅብል ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነውና ለአበባው ተብሎ የሚተከለው ዝንጅብል መነሻው ከሞቃታማና እርጥበታማ የእስያ አካባቢዎች በመሆኑ፣ የሚከብደው የድሬዳዋ ሙቀት ሳይሆን ደረቅ አየሯና የቀትር ፀሐይዋ ነው። ስለዚህ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝ በረንዳ ወይም በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ይተከል። ሥሩ ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ፣ ብስባሽና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይቀበር፤ ማሰሮውም ከታች ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ውኃውን ነው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራ ስለሚበዛበት፣ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ይኸው ነገር በአፈሩ እየተጠራቀመ ተክሉ የብረት ማዕድን በቀላሉ እንዳይወስድ ያደርገዋል፤ ምልክቱም የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ መካከላቸው ቢጫ መሆኑ ነው። ይህን ሲያዩ ማዳበሪያ ከመደራረብ (እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር) ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ማጠጣት ይበልጣል። አንዴ ያበበ አገዳ ዳግመኛ ስለማያብብ ከሥሩ ይቆረጥ።

ሐረር ከፍታዋ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ በዚያ የሚተክል ሰው ፀሐዩን ጥቂት ጨምሮ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ውኃውን ይቀንስ።